ልስላሴና ጥንካሬ፦ የሰሜን ሸዋ ሱፍና ቆዳ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ የቀረበ ሂስ

ለስላሳ ነገር ሁሉ ደካማ፣ ጠንካራ ነገር ሁሉ ደረቅ ነው የሚለው አሳብ በብዙዎቻችን ዘንድ ሥር ሰዶ ይገኛል። ጥንካሬን ስናስብ ድንጋይና ብረት ይታየናል፤ ልስላሴን ስናስብ ጥጥና ቅቤ። ይህ አሳብ በተራ ጭውውት ተወስኖ ቢቀር ኖሮ ጉዳቱ ትንሽ በሆነ ነበር። ነገር ግን የሰሜን ሸዋን ሱፍና የበግ ቆዳ የምንመዝንበትና ዋጋ የምንሰጥበት ሚዛን ሆኖ ስለ ቆየ፣ ጥቂት ሂስ ላቀርብበት ወድጃለሁ። ሂሱ የሚያነጣጥረው በሚዛኑ ላይ ነው፤ ገበሬውና ባለ እጁ ከሚዛኑ ይልቅ ብዙ ያውቃሉና።

በመጀመሪያ ቃሉን መለየት ይገባል። እኛ «ጥንካሬ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ቢያንስ ሦስት ልዩ ልዩ ጠባይ ነው። አንደኛው ግትርነት ነው፤ ይኸውም አንድ ነገር ሲስቡት ወይም ሲያጥፉት እምቢ ማለቱ ነው። ሁለተኛው ሳይበጠስ የሚሸከመው ጭነት ነው። ሦስተኛው፣ ከሁሉም ይልቅ የተዘነጋው፣ አልቀደድ ባይነት ነው፤ ማለት አንድ ጊዜ ከተጫረ ወይም ከተሰነጠቀ በኋላ ስንጥቁ እንዳይሮጥ የሚከለክለው ጠባይ ነው። መስተዋት እጅግ ግትር ነው፤ ሆኖም በአልማዝ ጫፍ አንድ ጊዜ ከተጫረ በኋላ በእጅ ኃይል ለሁለት ይከፈላል። በደንብ የለፋ የበግ ቆዳ ግን እንደ ጨርቅ ይታጠፋል፤ ዳሩ በቢላዋ ተሰንጥቆ ቢስቡት እንኳ የስንጥቁ ጫፍ ተከፍቶ ይደንዛል እንጂ ቶሎ አይሮጥም። እንግዲህ ከሁለቱ ጠንካራው የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ የሚወሰነው በምን ዓይነቱ ጥንካሬ እንደ ተጠየቀ ነው።

ሱፍም ቆዳም፣ ጎማም ናይሎንም ዘመዳሞች ናቸው። ሁሉም ፖሊመሮች ናቸው፤ ማለትም ትናንሽ ሞለኪውሎች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተያይዘው ረጃጅም ሰንሰለት የሠሩባቸው ቁሶች ናቸው። ጀርመናዊው ኬሚስት ሄርማን ሽታውዲንገር ይህን አሳብ እ.ኤ.አ. በ1920 ሲያቀርብ ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም ነበር፤ የኖቤል ሽልማት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። በእኛ ዘንድ ግን ፖሊመር ሲባል ፌስታልና ጀሪካን ብቻ ይታሰባል። ተማሪው ደብተሩን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ የለበሰው ጋቢ፣ የሚተኛበት አጎዛ፣ ጫማውም ሳይቀር የዚሁ ትምህርት ምዕራፍ መሆናቸው ትዝ አይለውም።

ለስላሳ ፖሊመር የሚነድፍ ሰው ሁሉ የሚገጥመው አንድ የታወቀ ችግር አለ። ሰንሰለቶቹ እርስ በርሳቸው ካልተሳሰሩ ቁሱ እንደ ማር ይፈሳል። ስለዚህ ማሰሪያ ያስፈልጋቸዋል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከዲን ጋር ሲያሞቀው ያገኘው ነገር ይኸው ነው፤ ዲኑ በሰንሰለቶቹ መካከል ድልድይ ሠራ፣ በሙቀት ይቀልጥ በብርድ ይሰነጠቅ የነበረውም ጎማ ተስተካከለ። ነገር ግን ድልድዩ ሲበዛ ቁሱ ግትር ይሆንና ይሰባበራል። ሌክና ቶማስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 ምክንያቱን ግልጽ አድርገው አሳይተዋል፦ ስንጥቅ ሲያልፍ አንድ ሰንሰለት የሚበጠሰው ሙሉ ርዝመቱ ከተወጠረ በኋላ ስለ ሆነ፣ በሁለት ማሰሪያዎች መካከል ያለው ሰንሰለት በረዘመ መጠን ለመበጠስ የሚፈጀው ኃይል ይበዛል። ማሰሪያ ስናበዛ ሰንሰለቱን እናሳጥራለን፤ ግትርነት እናተርፋለን፣ አልቀደድ ባይነት እናጣለን። ባለሙያዎቹ ከዚህ ማነቆ ለማምለጥ ብዙ አሥርት ዓመታት ደክመዋል።

የመንዝ በግ ይህን ማነቆ በራሱ መንገድ ፈትቶታል። ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን እስከ መሐል ሜዳ ባለው ብርዳም ደጋ የሚረባው ይህ ጥቁር፣ ቡናማና ዳለቻ በግ፣ በጸጉሩ ሥር ሸካራ ሱፍ የሚያበቅል ነው። ሱፉ ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። በኬራቲን ውስጥ እንደ ጎማው ሁሉ የድኝ ድልድዮች አሉ፤ ሱፍ ሲቃጠል የሚሸተን ሽታ አንዱ ምስክራቸው ነው። ሰንሰለቶቹ ግን ተዘርግተው የተኙ አይደሉም፤ እንደ መቃጥን ሐረግ ተጠምዝዘው ነው የሚገኙት። ሱፉ ሲሳብ በመጀመሪያ እነዚህን ጥምዝምዞች የያዙት ደካማ ማሰሪያዎች ይለቃሉ፤ ሐረጉ ይፈታል፣ ይረዝማል፤ የድኝ ድልድዮች ግን ሰንሰለቱ ተንሸራቶ እንዳይጠፋ ይይዙታል። መሳቡ ሲቆም፣ በተለይም እርጥበት ካገኘ፣ ወደ ጥምዝምዙ ይመለሳል። በእንግሊዝ አገር በሊድስ ይሠራ የነበረው ዊልያም አስትበሪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ይህን መለዋወጥ በኤክስሬይ አይቶታል። ደረቅ የሱፍ ጭራ ከርዝመቱ ሲሶ ያህል ተጨማሪ ሊሳብ ይችላል፤ ሲርስ ከዚያም ይበልጣል። በመሸከም ረገድ ናይሎን ሱፍን አጥብቆ ይበልጠዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። የሱፍ ጥቅሙ መለጠጡና መመለሱ፣ ከክብደቱ ሲሶ ለሚሆን እርጥበት በውስጡ ቦታ መስጠቱ፣ ይህንንም ሲያደርግ ጥቂት ሙቀት መልቀቁ ነው። 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ በምትገኘው በደብረ ብርሃን የጥቅምትን ውርጭ ያየ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል።

ይህ ከሆነ የመንዝ ሱፍ በገበያ ለምን ዝቅ ተደርጎ ይታያል? ምክንያቱ የዓለም የሱፍ ንግድ ዋጋ የሚቆርጠው በጭራው ቅጥነት መሆኑ ነው። ሜሪኖ የተባለው በግ 20 ማይክሮን ወይም ከዚያ በታች የሆነ ቀጭን ሱፍ ስለሚሰጥ በአንገት ላይ ቢጠመጥሙት አይቆረቁርም። የመንዙ ሱፍ ወፍራም ነው፤ ውስጡ ክፍት የሆነ ሻካራ ጸጉርም ይቀላቀልበታል። ስለዚህ «ለምንጣፍና ለብርድ ልብስ ብቻ» ተብሎ ይመደባል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በደብረ ብርሃን የተቋቋመው የሱፍ ፋብሪካም ስሙን ያስጠራው በብርድ ልብስ ነው። በዚህ ምደባ ውስጥ ያለው ስሕተት «ብቻ» የሚለው ቃል ነው። ምንጣፍ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚረገጥ የሚያስብ ሰው፣ ከመርገጡ ተነሥቶ ቀና የሚል ጭራ መሥራት በአንገት ላይ ከማይቆረቁር ጭራ ያነሰ ጥበብ ነው ሊል አይችልም። ሴቶቹ ፈትለውት ወንዶቹ የሚሸምኑት የመንዝ ዝተትና በርኖስ የተነደፉት ለዝናብ፣ ለእሾህ፣ ለኮርቻና ለመሬት መኝታ ነው። እነርሱን በመዳፍ ዳብሶ «ይቆረቁራል» ማለት ማረሻን «አይቆርስም» ብሎ እንደ መንቀፍ ነው፤ እርግጥ አይቆርስም፣ እንጀራ ለመቁረስ አልተሠራምና።

የዚህ ሚዛን ውጤት በወሬ አልቀረም፤ በበጉ ደም ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ በደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ ጣቢያ ኮሪዴልና ሃምሽየርን የመሳሰሉ የውጭ ዝርያዎች ከአገሬው በግ ጋር እንዲዳቀሉ ተደርጓል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ አዋሲ የተባለው የመካከለኛው ምሥራቅ በግ ተጨመረ። ሥጋና ሱፍ ማብዛት በራሱ የሚነቀፍ አሳብ አይደለም። ገበሬዎቹ የመጀመሪያዎቹን ዲቃሎች መልካቸው ከአገሬው በግ ስለ ራቀ ብዙም አልወደዷቸውም፤ አዋሲን ላቱን አይተው በተሻለ ተቀበሉት። ይህ ብዙ ጊዜ እንደ ኋላ ቀርነት ተቆጥሮ ይነገራል። እኔ ግን ለነገሩ ሌላ ወገን አለው እላለሁ፤ እርሱም ከሱፉ በታች ያለው ቆዳ ነው።

በቆዳ ሠራተኞች ዘንድ የታወቀ ነገር አለ። ሱፍ የሚበዛበት በግ ቆዳው ይላላል። እያንዳንዱ የሱፍ ሥር በቆዳው ውስጥ ቀዳዳ ነው፤ በሥሮቹ ዙሪያ የላብና የቅባት ዕጢዎች አሉ፣ ከሥራቸውም ስብ ይጠራቀማል። የሜሪኖ ቆዳ ሲለፋ ላዩ ከታቹ የመለያየት ጠባይ የሚያሳየው ለዚህ ነው። ሱፉ ያነሰ፣ ጸጉራም የሆነ በግ ግን ጭረቶቹ ጥቅጥቅ ብለው የተጠላለፉ ቆዳ ይሰጣል። የኢትዮጵያ ደጋ የበግ ቆዳ በዓለም የጓንት ንግድ ስም ያገኘው በዚህ ጠባይ ነው፤ ቀጭን ሆኖ አይቀደድም፣ ለስላሳ ሆኖ ቅርጹን ይይዛል። በንግዱ ዓለም የሚጠራበት አንዱ ስም «ሰላሌ» መሆኑ ከሸዋ ደጋ መምጣቱን ይመሰክራል። በእንግሊዝ አገር በዮቪል ከተማ የነበረው ፒታርድስ የተባለው ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 እስኪዘጋ ድረስ፣ ከኢትዮጵያ በሚሄድ የበግ ቆዳ ለስፖርት የሚሆን የጓንት ሌጦ ያዘጋጅ ነበር። እንግዲህ ቀጭን ሱፍ ፍለጋ በጉን የምንለውጥ ከሆነ፣ በአንድ እጃችን በዓለም ገበያ ሌሎች አገሮች አስቀድመው የሚበልጡንን ነገር እየጨበጥን፣ በሌላው እጃችን እኛ የምንበልጥበትን ልንጥል እንችላለን። የዲቃላው ሱፍ ስንት ግራም ጨመረ ተብሎ ሲመዘን፣ ቆዳው ስንት ኪሎ ሲስቡት ተቀደደ የሚለው ጥያቄም እኩል በመዝገቡ ላይ መስፈር ይገባው ነበር።

ቆዳ ስለምን አይቀደድም? በጥሬው ሲታይ ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ሦስት ሰንሰለቶች እንደ ገመድ ተገምደው አንድ ጭረት ይሆናሉ፣ ጭረቶቹ ተጠቃልለው ክር፣ ክሮቹም በየአቅጣጫው ተጠላልፈው ቆዳ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በካሊፎርኒያ የሚገኙ ተመራማሪዎች የጥንቸል ቆዳ ሰንጥቀው ሲስቡት ምን እንደሚሆን ተከታትለዋል። የታጠፉት ጭረቶች ይቃናሉ፤ ወደሚሳቡበት አቅጣጫ ይዞራሉ፤ ከዚያም ይለጠጣሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። የስንጥቁ ጫፍ እየሰፋ ይደነዝዛል፤ ኃይሉም በጫፉ ላይ መከማቸቱ ቀርቶ በሰፊው ይበተናል። ቁም ነገሩ ጭረቶቹ ለመንቀሳቀስ ነጻ መሆናቸው ነው።

ይህን የማያውቅ ፋቂ የለም። ጥሬ ቆዳ በፀሐይ ሲደርቅ ውሃው ሲወጣ ጭረቶቹ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፤ ያን ጊዜ ጠፍር፣ ከበሮ ወይም ጋሻ ይወጣዋል። ወጥሮ አድርቆ የፋቀው ደግሞ ብራና አገኘ። ያንኑ ቆዳ አርሶ፣ ጸጉሩን መልጦ፣ ቅባት አጠጥቶ በእግሩ እየረገጠ ሲያለፋው ግን፣ ጭረቶቹ እንዳይጣበቁ ይከለክላቸዋል፤ የእንጨት ልጣጭና የፍሬ ጭማቂም ሲገባበት በጭረቶቹ መካከል አዲስ ማሰሪያ ይፈጠራል፣ ቆዳው አይበሰብስም። ማሰሪያው ከበዛ ይሰነጠቃል፤ ካነሰ ይበሰብሳል። ሌክና ቶማስ በቀመር የጻፉትን እርሱ በተረከዙ ያውቀዋል። ከአንድ ቆዳ፣ ከአንድ ፖሊመር፣ ጦር የሚመክት ጋሻና እህል የሚይዝ አቁማዳ ማውጣት ንድፍ ካልተባለ ንድፍ የሚባለው ምን እንደ ሆነ አላውቅም።

ይህ ሰው በአገራችን ምን እንዳገኘ ይታወቃል። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ኮርቻውም፣ ጋሻውም፣ የበቅሎው ልጓምና የመጽሐፉ ማኅደር ሳይቀር የባለ እጅ ሥራ ሲሆን፣ ሠሪው ግን ፋቂ፣ ቡዳ እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው ስድቡ ምን ያህል እንደ ነበረ ያሳያል። ይህን ያነሣሁት ለታሪክ ብዬ አይደለም። ሰው የሚንቀውን እጅ ዕውቀት ብሎ ስለማይጽፈው፣ ስለ ማልፊያው፣ ስለ ቅባቱ መጠን፣ ስለ ርገጣው ጊዜ የተመዘገበ ነገር በእጃችን ያለው እጅግ ጥቂት ነው። የኬሚስትሪ ተማሪ ስለ ክሮም ማልፋት ከመጽሐፍ ብዙ ገጽ ያነብባል፤ ስለ አጎዛ አንድ ገጽ አያገኝም።

በሌላው ወገን ደግሞ አዲሱ ሳይንስ ራሱ ሂስ ሊቀርብበት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2003 በጃፓን በሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ጂያን ፒንግ ጎንግና ባልደረቦቿ፣ ሁለት የሰንሰለት መረቦችን አንዱን በሌላው ውስጥ አስገብተው አብዛኛው ክፍሉ ውሃ የሆነ ጠንካራ ሃይድሮጄል ሠሩ፤ ግትሩ መረብ አስቀድሞ እየተበጠሰ ኃይሉን ይቀበላል፣ ለስላሳው መረብ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ዢጋንግ ስዎና ባልደረቦቹ፣ ከመቶ ዘጠናው እጅ ውሃ የሆነ፣ ከርዝመቱ ሃያ እጥፍ በላይ የሚሳብ፣ ለመቅደድም በካሬ ሜትር ወደ 9,000 ጁል የሚፈጅ ሃይድሮጄል አወጡ፤ ይህም ከተፈጥሮ ጎማ ጋር የሚቀራረብ ነው። ዜናው ዓለምን አስደነቀ፤ መደነቁም ተገቢ ነው። ነገር ግን እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት አንድ ጊዜ በመሳብ ነው። የተሠዋው ማሰሪያ በጊዜው ካልተመለሰ ለሁለተኛውና ለሺኛው መሳብ ምን ይቀራል? እነዚሁ ተመራማሪዎች ኋላ ሲፈትሹት፣ ደጋግሞ ለሚመጣ መሳብ ስንጥቁ እጅግ ባነሰ ኃይል እየሮጠ ተገኘ። በዚያም ላይ ሃይድሮጄል በአየር ላይ ሲቀመጥ ይደርቃል። በርኖስ ግን አንድ ጊዜ ተስቦ ለዜና የሚቀርብ ነገር አይደለም፤ በየቀኑ ይለበሳል።

የስዎ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ያቀረበው መፍትሔ ግን ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። ማሰሪያውን እጅግ አሳነሱት፣ ሰንሰለቶቹን አስረዘሙ፣ በሚሠሩበትም ጊዜ ውሃውን ቀንሰው ሰንሰለቶቹ እርስ በርሳቸው አጥብቀው እንዲጠላለፉ አደረጉ። ጥልፍልፉ ቁሱን ግትር ያደርገዋል፤ ነገር ግን አንድ ሰንሰለት ሲሳብ ጥልፍልፉ ስለሚንሸራተት ኃይሉን ለብዙ ጎረቤቶቹ ያካፍለዋል። ስለዚህ ግትርነትና አልቀደድ ባይነት አንድ ላይ ተገኙ። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ እንዝርት ይዛ የተቀመጠች የመንዝ ፈታይ ያስብ። አንድም የሱፍ ጭራ ከሌላው ጋር በሙጫ አልተጣበቀም። አጫጭር ጭራዎች ናቸው፤ ክሩን ክር የሚያደርገው መጠምዘዙና መተሻሸቱ ብቻ ነው። ሱፉም ሲርስና ሲታሽ የጭራው ቅርፊቶች እየተያያዙ ይበልጥ ይጠላለፋል፣ ጨርቁ ይደድራል። ይህን የምለው ቅድመ አያቶቻችን ሁሉን ያውቁ ነበር ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ትምክሕት ብዙ ደካማ ጽሑፍ አስገኝቶብናል። ፈታይዋ ስለ ሞለኪውል አታውቅም። የማሰሪያና የጥልፍልፍ ሚዛን ግን በጣቷ ውስጥ አለ፤ ክሩን ከመጠን በላይ ካጠመዘዘችው እንደሚቋጠርና እንደሚበጠስ፣ ካላላችው እንደሚፈታ ታውቃለች።

እንዲሁም የቆዳ ደረጃ አወጣጣችን ያው የገጽ ፍርድ ነው። በፋብሪካዎች ዘንድ «እከክ» የተባለው፣ በበጉ ላይ በሚኖሩ ቅማልና ቅማል መሰል ነፍሳት የሚመጣው ነጠብጣብ ጉዳት፣ ብዙ ቆዳ ከደረጃው አውርዷል። ጓንት ገዢ ገጹ የጠራ ቆዳ መፈለጉ መብቱ ነው፤ በጎቹንም በመድኃኒት ማጠብ ግድ ነው። ሆኖም ይህ ጉዳት በአብዛኛው የሚታየው በላይኛው ገጽ ላይ ሲሆን፣ የቆዳው ጉልበት የሚገኘው ከዚያ በታች በጥልፍልፉ ውስጥ ነው። የእርድ ቢላዋ ከሥጋው ወገን የሚያስቀረው ጭረት በአንጻሩ ከላይ አይታይም፤ መቀደድ የሚጀምረው ግን ከዚያ ነው።

በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ጓደኞቻችን በአቅራቢያቸው በግም፣ ባለ እጅም፣ ፋብሪካም አላቸው። ለመጀመሪያው ፍተሻ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቆዳው ወይም ዝተቱ በጠባቡ ይቆረጥና እንደ ሱሪ ከመካከሉ ይሰነጠቃል፤ አንዱ እግሩ ይታሰራል፣ በሌላው ላይ በዘንግ ሚዛን እየተለካ ይሳባል፤ ስንጥቁ ሲሮጥ የተመዘገበው ክብደት በውፍረቱ ይካፈላል። ከንጹሕ የመንዝ በግና ከዲቃላው፣ ከጀርባና ከሆድ፣ በቁመትና በአግድም የተቆረጠው ለየብቻ ይያዝ፤ የሆድ ቆዳ ከጀርባው ስለሚላላ የተደባለቀ ናሙና ምንም አያስረዳም። ደረቁም እርጥቡም ይሞከር። ከሁሉም ይልቅ፣ በሚቀድደው ክብደት ግማሽና ሩብ መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ እየተሳበ ስንጥቁ በየስንቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ሄደ ይጻፍ። ከፋቂው መንደር የሚወሰደው ናሙና ደግሞ የሠራው ሰው ስንት ቀን እንዳራሰው፣ ምን ቅባት እንዳጠጣው፣ ለስንት ሰዓት እንደረገጠው በራሱ አነጋገር ተጽፎበት ይያዝ።